በሩ ላይ ያልጠየቅኩሽ አፉታ

ዘይነብዬ፣ የአላህ ሰላም ባለሽበት ይድረስሽ።

ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሆነ። መርሳ እንደ ድሮዋ ናት፣ ገበያውም ይቆማል። ግራና ባለው ማሳችን ላይ የተከልሽው ማንጎ ዘንድሮ የመጀመሪያውን ፍሬ ሰጠ። ልጃችን ሀያት ለቅማ ፊቴ ብታስቀምጠው መቅመስ አቃተኝ። ወጡንም አሁን እሷ ናት የምትሠራው። ዓይንሽ ሲደክም ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ጨምረሽ እስቅብሽ ነበር። ዛሬ ያን ጨዋማ ወጥ ባገኘሁት።

ዓይንሽን ያደከመው ከጀርባው፣ ከራስ ቅልሽ ሥር የበቀለው እጢ መሆኑን አዲስ አበባ ነገሩን። ሐኪሙ ቦታው በደም ሥር የተከበበ ነው፣ የሚከብደን ደሙን ማቆሙ ነው ብሎ አልደበቀንም። ለዚህም አስፕሪን ደም ያቀጥናልና ከቀዶ ሕክምናው አንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ እንዳትነካ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ወንድሞችሽ ከግራና ድረስ መጥተው ደም ሰጡ። እኔ ግን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ራስሽን ይዘሽ ስትጮሂ አላስችል አለኝና ከመርሳ ይዤው የመጣሁትን አስፕሪን አስዋጥኩሽ። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሽም፤ ከእኔ እጅ ነዋ።

በቀኑ ጧት ሐኪሙ የወሰደችው መድኃኒት አለ ወይ ቢለኝ የለም አልኩ። ወራት የጠበቅነው ተራ እንዳያልፍሽ ፈርቼ ነው። ብናገር አንድ ሳምንት ያቆዩን ነበር። አንድ ሳምንት፣ ዘይነብዬ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን አይለቀምም።

የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ እንደ አገራችን ወግ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልሽኝ። አንቺ ምን አስቀይመሽኝ! አፉ ብያለሁ አልኩሽ። መልሼ አፉ በይኝ ማለት ነበረብኝ። ለምኑ ብትይኝ ምን እልሻለሁ ብዬ ተውኩት። በሩ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጣ። ደሙን በጥጥ ይዘን፣ ደም ሥሩን ተኩሰን፣ የወንድሞቿንም ደም ሰጥተን አልቆም አለን ብሎ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው። እኔም ተቀበልኩት።

ለቅሶ የደረሰኝ ሁሉ አጀሏ ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው ይለኛል፣ እኔም አሚን እላለሁ። ምናልባት ያለ ክኒኑም አይቆም ነበር። እሱን አላህ ያውቃል፣ እኔ መቼም አላውቀውም።

ሀያት በሳቅሽ ታስታውስሽ። እኔ እስክሞት የማስታውስሽ እዚያ በር ላይ እጄን ይዘሽ ነው። በየጁምዓው ግራና መቃብርሽ ዘንድ ቆሜ አፉ በይኝ እልሻለሁ። በሕይወት ሳለሽ አንድ ቀን እንቢ ብለሽኝ አታውቂም።