ከድንቹ ሥር ያለው ሥጋ

ስኔልቪል፣ አሜሪካ፣ ሐሙስ ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

ማክሰኞ ማታ የተጋገረው የሥጋና የድንች ትሪ ዛሬም ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ከአንድ ጥጉ በቀር አልተነካም።

አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ የደሴን ዳገት እሺ አለልሽ? ልጆቹስ በርትተዋል? እኛ በጤና በኩል ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የማማርርልሽ ስለ ሌላ ነው።

ልጄ እንድርያስ ሊያገባት የፈለጋት፣ በስልክ የነገርኩሽ ነዚፋ፣ የወሎዎቹ ልጅ፣ ማክሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን መጣች። እራቱን እኔ ልሥራ ብላ የለመነችኝ ራሷ ናት። ወጥ ከሆነ ነገር ይመጣል ብላ ስለሰጋች፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለች አብረዋት ከሚኖሩት አሜሪካውያን የተማረችውን መረጠች። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የክርስቲያንም የእስላምም አይደለም፤ የኦቨን ነው» አለችኝ። ሳቅን።

ድንቹን በስሱ ቆራርጣ ትሪው ላይ ደረደረች። በላዩ በሽንኩርትና በቲማቲም የበሰለ የተፈጨ ሥጋ፣ እንደገና ድንች፣ እንደገና ሥጋ፣ መጨረሻ ላይ ድንች፣ ወተትና ቺዝ። በፎይል ሸፍና ከአንድ ሰዓት በላይ አቆየችው። ሲወጣ ጠርዙ ቀላ ብሎ ይንተከተክ ነበር። ባለቤቴ ነጋ ዳውንታውን ካለው የመኪና ማቆሚያ ሥራው ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያውደው?» አለ።

ገበታውን ባርኮ ማንኪያውን አነሣ። ከድንቹ ሥር ያለውን ሲያይ ግን መልሶ አስቀመጠው። «ሥጋው ከየት ነው?» ብሎ ጠየቃት። መዋሸት ትችል ነበር። አንድ ጊዜ እኔን አየችኝና «ከክላርክስተን፣ ከአጎቴ ከሰዒድ ሥጋ ቤት» አለችው። ነጋ ሳህኑን በሁለት ጣቱ ገፋ። «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ፤ እኔ ግን የእስላም ሥጋ አልበላም» አለ፣ በትሕትና። ይበልጥ ያናደደኝ ትሕትናው ነው።

እንድርያስ አላለፈውም። «ዳዲ፣ ከም ኦን። በየቀኑ ላንች ሰዓት ሃምበርገር ትበላ የለ? የሱን በሬ ማን ባረከው?» አለው።

ነጋም «እሱን አላውቅም፤ ባላወቅሁት አልጠየቅም» ብሎ መለሰ።

«ታዲያ ዛሬም ዝም ብለህ አትበላም ነበር?» አለው ልጁ። አንዱን ጥግ እንድርያስ ብቻውን በንዴት በላው፣ አፉን እያቃጠለው። ነጋ ያየኝ ስለነበር እኔም አልቀመስኩም።

እኛ ስናድግ ሰርግ ቤት ሁለት ድስት ይጣድ ነበር፤ ሁሉም ከየወገኑ በልቶ አብሮ ይጨፍር ነበር። እዚህ ሁለተኛውን ድስት የሚጥድ ሰው ጠፋ።

ዕቃ ስናጥብ ነዚፋ ቧንቧውን ከፍታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ ሰላም ብሎዎታል። የቅዳሜው ሽንጥ እንደ ሁልጊዜው ተቀምጦልዎታል ብሏል» አለችኝ። ለካ እዚያ ሥጋ ስገዛ አይታኝ ኖሯል። እኔ ሳህኑን ማድረቄን ቀጠልኩ። ነጋ በየእሑዱ ጥብሱን እያጣጣመ፣ በዚህ አገር እንዳንቺ ሥጋ መምረጥ የሚያውቅ ሴት የለም እንደሚለኝ ጽፌልሽ ነበር።

ለነዚፋ አባት ለጀዕፈርም ነገሩ ቀላል አልሆነለትም። ሁለት ወር ልጁን ሳያነጋግር ከርሞ ነው ሽማግሌ ይምጣ ያለው። ሰኞ ረመዳን ሊገባ ስለሆነ የሚቀበለው በዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ነጋ ሽማግሌ ካልላከ እንድርያስ ኮርት ሄደን እንፈራረማለን፣ ከዚያ በኋላ እዚህ ቤት አልመጣም ብሏል። ይህን ሲል አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ለነጋ ልነግረው ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ተመለስኩ። ብናገር ሳያውቅ የኖረውን ሰው አሳውቄ ተጠያቂ ላደርገው ነው። እሱ ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል፤ እኔ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ዝም ብል ደግሞ ያቺ ልጅ በእኔ ቦታ ተገፍታ ትቀራለች፣ ልጄም አብሯት። አንድ ቃል ብትናገር እኮ እዚያው ገበታው ላይ ታዋርደኝ ነበር።

ምክርሽን እንዳልጠይቅሽ፣ ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ነገሩ ያለቀ ይሆናል። በጸሎትሽ ብቻ አስቢኝ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽ እንግዳ አይጣ፣ ልጆችሽን ድረሽ ኩለሽ ለማየት ያብቃሽ።

ነጋ መልሱን ቅዳሜ ማታ እሰጣለሁ ብሏል። እኔም ያለኝ ጊዜ እስከዚያው ነው።

ታናሽ እህትሽ