ድንጋዩ ቀለላት

እሑድ ጥር 3 ቀን 1962 ዓ.ም.

ልብስ አጠብኩ። ውሃው ዛሬም ደፍርሶ ነው የመጣው፤ ነጩ ቀሚሴ ሻይ የተደፋበት መስሎ ቀረ። ነገሌ ነጭ ልብስ የሚወድ ከተማ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሙሉነህ መጣ። የአማርኛ አስተማሪው ሙሉነህ፣ የእኔው ሙሉነህ... አጎቴ ቤት በር ላይ ሲቆም እንደ ተማሪ ይሽኮረመማል። ቲያትሩን ጽፎ ጨርሷል። «ሁለቱ ውሸታሞች» ይባላል። የሚያስቅ የፍቅር ታሪክ ነው አለኝ። በጦር ሰፈሩ አዳራሽ ይታያል፤ ገቢው ሁለታችንም ለምናስተምርበት ትምህርት ቤት ጣሪያ ነው። እሱ ደምሴን ይሆናል፣ እኔ አስካለን።

ሽማግሌ ከጥምቀት በኋላ እልካለሁ ብሏል። ይህንንም በቃሉ ያጠናው ይመስላል።

ማክሰኞ ጥር 5

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች አነበብን። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ደምሴ በውሰት ኮት ይዞራል። አዲስ አበባ መኪና አለኝ ይላል፣ «ጋራዥ ገብታ ነው እንጂ!» ለሁለት ሴት ቀለበት ቃል ገብቷል። የአስካለን ጉትቻ ሸጦ ጠጥቶበታል። ቢሆንም አይጠላም። ለምን አይጠላም? ሙሉነህ ባዶ እጁን እንደ መኪና መሪ እያዞረ ሲያነብ ፊቱን ብቻ ነበር የማየው።

ሐሙስ ጥር 7

ሦስተኛውን ክፍል ዛሬ ሰጠኝ። አስካለም ለካ ውሸታም ናት። በልጅነቷ ተድራ እንደነበር ለደምሴ ደብቃዋለች። ባሏ ሲጠራት «አቤት ጋሼ» ትለው ነበር።

የእኔ ነው። ቃሉ እንኳ የእኔ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጋሼ ከማለት ሌላ ምን እንደሚባል ማንም አልነገረኝም። ጠፍቼ አጎቴ ዘንድ፣ እዚህ ቆላ ድረስ መጣሁ። ይህን የሚያውቅ አጎቴ ብቻ ነበር። ለሙሉነህ ከባሕር ዛፉ ሥር ስነግረው እጄን ይዞ «አይዞሽ፣ ያለፈ ነው» አለኝ። አሁን አንብቤ ቀና ስል ትስቃለች ብሎ ፊቴን ያያል!

«ይሄን ምነው ጻፍከው?»

«ማን ያውቃል አንቺ መሆንሽን? ደግሞ ሰው አስካለን ይወዳታል፣ ታያለሽ። እሷን ወደዱ ማለት አንቺን ወደዱ ማለት ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የእኔው ደግሞ መድረክ ላይ ሊወጣ ነው። እምቢ አላልኩም... እንዲወዱኝ ፈልጌ ነው?

ሰኞ ጥር 11

ጥምቀት። ታቦቱን ሸኘን። ሙሉነህ ስለ ሽማግሌ አላነሣም።

እሑድ ጥር 17

ትናንት ቲያትሩ ታየ። መኮንኖቹ ከፊት፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ከነሚስቶቻቸው መሐል፣ የገበያው ሰው ከኋላ ቆሞ። ደምሴ በዋሸ ቁጥር ጭብጨባ። ጉትቻዬን ሲጠጣ አንድ ወታደር ተነሥቶ «አይዞህ ወንድሜ!» አለው።

የእኔ ተራ ደረሰ። «አቤት ጋሼ» ስል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሌላ ነገር መጣ። «ፈት ሆና ልጃገረድ ነኝ ትላለች!» «አታላይ!» ከመሐል አንዲት ሴት «ድንጋይ ትሸከም!» አለች። ያገራችን ሥርዓት ነው፤ በዳይ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ እግር ላይ ይወድቃል። «ድንጋይ! ድንጋይ!» ሁሉም ተቀበላት። ድምጿን ለየሁት። እትዬ ብዙወርቅ፣ የአጎቴ ሚስት።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይም እትዬ አልበረደላቸውም። «እንዴት ያለች ቀጣፊ ናት በሉ!»

«እሱስ እትዬ? ጉትቻዋን የጠጣባት?» አልኳቸው።

«እሱማ ወንድ ነው። ደግሞ ያስቃል።»

አጎቴ ባትሪውን እያበራ ከፊት ይሄዳል። እትዬ ሲገቡ በሩ ላይ አቆመኝ።

«ማን ነገረው?»

«እኔ።»

ትቶኝ ገባ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ ጥር 20

የሰፈር ልጆች «አስካለ! ድንጋይሽስ?» ይሉኛል። ክፍል ውስጥም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ድንጋይ ሥለው ጠበቁኝ። በዳስተር አጥፍቼ ማባዛት አስተማርኩ።

ሙሉነህ ደስ ብሎታል። ድጋሚ ይታይልን ተብሏል። ግን «ሕዝቡ መጨረሻው ላይ አልረካም» ይላል። መጨረሻውን ቀይሮታል፤ አስካለ ድንጋይ ተሸክማ ትንበረከካለች፣ ደምሴ አንሥቶላት «ምሬሻለሁ» ይላል። ድንጋዩን ከካርቶን ሠርቶ አመድ ቀብቶታል።

«ደምሴስ ምን ይሸከማል?»

«እሱ ላይ ማን ጮኸ?»

ስለ ሽማግሌው ጠየቅሁት፣ ውርደቴን ዋጥ አድርጌ። «ቲያትሩ ይለቅና» አለኝ።

እሑድ የካቲት 1

ትናንት ተሸከምኩ። በጉልበቴ እየዳህኩ መድረኩን አቋረጥኩ። ከኋላ አንዱ «ቀለላት!» አለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ፣ «ድንጋዩ ቀለላት! ቀለላት!» እየሳቁ። ደምሴ ለሦስተኛ ሴት ሲዋሽ ግን ያቺን ሴት «እመኚው!» እያሉ ይመክሯታል።

ሰኞ የካቲት 2

ሸምሳ ሱቅ ሄድኩ፣ ክር ልገዛ። የቲያትሩን ልብስ ያዋሰችን እሷ ናት።

«አካም፣ ናጋ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ፤ ቀጥላም «ዱጋውን፣ እውነቱን ልንገርሽ? እኔም ስቄያለሁ።»

«በማን?»

«በደምሴ ነዋ። ዓብዱልመጂድ እንደሱ ቢዋሸኝ ግን በሚዛኑ ብረት ነበር የምለው።»

ዓብዱልመጂድ ባሏ ነው፣ እዚያው ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ሰማ። «እኔማ አላስቅም፣ ምን ያድነኛል?» አለ። ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ። እሱ ሲወጣ ሸምሳ ጠጋ አለችኝ።

«ያቺ ነገር... ያንቺ ናት አይደል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሌላውን ስትናገሪ ትጮሂያለሽ፣ አዳራሹ ሰፊ ነው። ‹አቤት ጋሼ› ስትይ ግን ዝቅ አልሽ።»

ክሩን ጠቀለለችልኝ።

ሐሙስ የካቲት 5

ሙሉነህ እውነተኛ ድንጋይ አምጥቷል። ካርቶን መሆኑ ያስታውቃል ብሎ! ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦት ደብተሬን በአቧራ ሞላው።

«ሕዝቡ አስካለን ካልማራት ደምሴ እንዴት ይማራታል?»

«ደምሴን ተወው። አንተስ?»

መስኮቱን አየ። «እናቴ ብትሰማ... ሰው ሁሉ ፈት ሲል አንቺም ሰምተሻል።»

ያው ሰው ነው እኮ። ከባሕር ዛፉ ሥር ያለፈ ነው ያለኝ። እኔ ምን እንደሆንኩ ራሱን መጠየቅ ከበደውና አዳራሹን ጠየቀ፤ አዳራሹም ነገረው። ለዚህ ነው እንዴ የጻፈው? ወይስ ሲጽፈው አላወቀም? የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ጠላሁት። ደግሞ ነገ ልምምድ አለ ብዬ ቀሚሴን ተኮስኩ።

እሑድ የካቲት 15

ትናንት ቲያትሩ ለሦስተኛ ጊዜ ታየ። ከጎረቤት ከተማ ከወደራም ሰው መጥቷል።

ድንጋዩን ተሸክሜ ተንበረከክሁ። ወዲያው አንሥቶልኝ «ምሬሻለሁ» ማለት ነበረበት። አላነሣውም። ዙሪያዬን ዞረ። ሲጋራ ለኮሰ። ሳቅ። ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ልማራት?» አለ። «አትማራት!» እንደገና ዞረኝ፣ «ልማራት ወይ?» ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። አንገቴ ተቃጠለ፣ ላቤ ዓይኔ ገባ። ጫማውን አየሁት፤ በበዓል የገዛሁለት ጫማ ነው።

ተነሣሁ። ድንጋዩን በሁለት እጄ አውርጄ ደረቱ ላይ አስታቀፍኩት።

«እንካ፣ ያዝ ጋሼ» አልኩት።

ከዚያ አዳራሹ ተነቃነቀ። ወታደሮቹ ወንበር ላይ ወጡ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ የጀመሩት እትዬ ብዙወርቅ ናቸው። ገባቸው አልኩ። ለአንድ አፍታ እውነት ገብቷቸዋል ብዬ ነበር። ዞር ስል ሙሉነህ ድንጋዩን እንደታቀፈ እጅ ይነሣል... የቲያትሩ መጨረሻ መስሏቸው ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ እየሮጠ መጣ። «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ! ይሄማ ጽሑፉ ውስጥ ይገባል። ወደራም እንዲሁ እናደርገዋለን!»

አልፌው ወደ ቤት ሄድኩ።

ማክሰኞ የካቲት 17

ከተማው በሙሉ «ያዝ ጋሼ!» ነው። ሻይ ቤት ሒሳብ ሲከፍሉ እንኳ «ያዝ ጋሼ!» አንዲት የማላውቃት ሴት መንገድ ላይ አቅፋ ሳመችኝ። ከጥቂት ሳምንት በፊት አታላይ ነበርኩ። ምን ጨመርኩ? ፈትነቴ እንዳለ ነው። አሳቅኋቸው፣ በቃ።

እሑድ የካቲት 22

ነገ ጾም ይገባል። ዛሬ ሽማግሌ መጣ።

ሦስት ናቸው፣ የሚናገሩት አቶ ገብረአምላክ፣ የሙሉነህ አከራይ። ቁጭ በሉ ቢባሉ እሺ አላሉም፣ እንደ ወጉ። «ልጅዎን ለልጃችን ለሙሉነህ...» እትዬ ብዙወርቅ ጓዳ ሆነው «እሰይ!» አሉ። አጎቴ አስጠራኝ። ወጉ አይደለም፣ እሱ ግን «እሷው ትናገር» አለ።

መጀመሪያ ወደ ጓዳው ዞርኩ። «እትዬ፣ ድንጋይ ትሸከም ያሉት እኔን ነው። ባሌን ጋሼ የምለው እኔ ነበርኩ።»

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አጎቴ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ምሽት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አቶ ገብረአምላክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱን ሙሉነህ አጫውቶናል፣ ልጄ። አልደብቅሽም፣ በፊት ትንሽ አመንትቶ ነበር። አሁን ግን ሕዝቡም ወዶሻል።»

«ሙሉነህስ፣ አባቴ?»

«ሕዝቡ ከወደደሽ እሱን ምን ቸገረው?»

«እንግዲያው ሕዝቡን ያግባ» አልኳቸው።

ማንም አልሳቀም። አጎቴ ተነሥቶ በሩን ከፈተላቸው።