ለሶሲ የሰጠኋት አገር

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ አብርሆት፣

ሪያድ እንደምን ይዞሻል? ራስ ምታትሽስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ እንቅልፍ ይሰጡሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አለን ብቻ።

ስለ ሶሲ የመጨረሻ ቀን በስልክ ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ነው። ከሪያድ ለእረፍት የመጣችው መሲ ወደ እናንተ ስለምትመለስ ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ።

ያቺ ምላሰኛ ታናሻችን ሆስፒታል ተኝታም አላረፈችም። ነርሷ ቀስ በቀስ ይሻልሻል ስትላት፣ «አዎ፣ ቀስ በቀስ ዶሮም እንቁላሏ ውስጥ ትገባለች» ብላ አሳቀቻት። ከሰዓት በኋላ «እንቆቅልህ» አለችኝ። «ምን አውቅልሽ» አልኳት። እግር ሳይኖራት ትመጣለች፣ እጅ ሳይኖራት በር ትከፍታለች፤ ማን ናት? ነፋስ አልኳት። «ነፋስማ ታፏጫለች፤ የእኔዋ ዝምተኛ ናት» ብላ ሳቀችብኝ። አባዬ ብርሃን አለ፤ እሱንም አልተቀበለችም።

ተሸነፍንና እንደ ወጉ አገር ስጡኝ አለች። ደካን ሰጠኋት፤ ይበርዳል አለች። ዋጫን ሰጠኋት፤ መንገዱ ያንገላታል አለች። ቦንጋን ካልሰጠኸኝ መልሱን አልናገርም ብላ ድርቅ አለች። ታዲያ እኛ የት ልንኖር ነው ስላት፣ «በእኔ አገር ትኖራላችሁ፤ አላባርራችሁም» አለችኝ። ስትነቃ የምትጠብቀው ነገር እንዲኖራት ብዬ፣ ነገ እሰጥሻለሁ አልኳት። ሲነጋ አልነቃችም።

ትምህርት ቤት እመላለሳለሁ። መምህራችን ምሳሌያዊ አነጋገር ሲያስተምሩ ክፍሉ ይስቃል፤ ለእኔ ቃሉ ሁሉ እንጨት እንጨት ይለኛል። ሳምሶን ጓደኛዬ ጊዜ ያስረሳሃል ይለኛል። አላምነውም።

ቅዳሜ መቃብሯ ሄጄ ቦንጋን ሰጠኋት፤ ገበያውን፣ ባጃጆቹን፣ ቤታችንንም ጨምሬ። አገር የተቀበለ መልሱን ይናገራል፣ ወጉ ይህ ነው። እስኪመሽ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ምናልባት ለአንቺ በስልክ ነግራሽ ከሆነ ጻፊልኝ። እንደማታውቂው ግን አውቃለሁ፤ እንቆቅልሹ የራሷ ፈጠራ ነበር።

እማዬ ዓይንሽን ትስማለች። አባዬ ሰላም ብሎሻል፤ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። ጎረቤታችን እትዬ አልጣሽም ስለ አንቺ መጠየቅ አላቋረጠችም።

ወንድምሽ ልዑልቃል
ከሶሲ አገር፣ ቦንጋ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.