ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኮሚኖ አጠገብ

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ፈቃዴ ተፈረመ። ከነገ ጀምሮ ስምንት ቀን አውቶቡስ አላጥብም። ዙሪክ፣ አልትሽቴተን የአውቶቡስ ዴፖ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት... እንዲህ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ጓደኛዬ ኅሩይ ከጄኔቭ ደወለ። ማልታ አብረን ልንሄድ ነው፣ እሱ፣ ራሄልና እኔ። "ቼሬ፣ የሸራ ጀልባም ይዣለሁ። ቀኑን ሙሉ ደሴት መዞር፣ መዋኘት፣ ምሳም እዚያው።"

"መዋኛ ቁምጣ የለኝም።"

"ላንተ ሆድ ቁምጣ ምን ያደርጋል? ሸራውን እናለብስሃለን።"

ራሄል በሳቅ ሞተች። ባለቤቴ መሆኗንም ረሳችው።

ትናንት ጋሼ ሙላቱ ከአዲስ አበባ ደውሎ ነበር፣ እንደ እሁድ ልማዱ። ወንድሜ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ላለችው እናታችን ይደውላል፣ ቀጥሎ ለእኔ። "ደረቴን ያዝ ያደርገኛል" አለ። ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ነገርኩት። "እሺ፣ እሺ" አለ... የእሱን እሺ አውቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17፣ ማልታ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወጣን። ኮሚኖ የምትባል ትንሽ ደሴት አጠገብ ባለጀልባዎቹ መልሕቅ ጣሉ። የባሕሩ ወለል እስኪታይ ድረስ ጥርት ያለ ውሃ። ዘልዬ ገባሁ። ልጅ ሆኜ ላንጋኖ ከዋኘሁ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስምንት ሰዓት ላይ ምሳ ቀረበ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ወይራ፣ ሐብሐብ። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ራሄል ውሃ አልነካችም። "ፀሐዩ ራሴን አዞረኝ" አለች። ስልኬንም ጠዋት ተቀብላኝ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች፣ ጨው እንዳይነካው ብላ። ኅሩይ ደግሞ ቀልዱ አልቆበታል። ተጣልተው ይሆን?

እሁድ፣ ሐምሌ 20፣ ጄኔቭ

ጋሼ ሙላቱ ሞተ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21፣ ወደ ዙሪክ፣ ባቡር ውስጥ

ትናንት ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር፣ ኅሩይ ቤት። ከማልታ ተመልሰን እዚያ አድረን ነበር። ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። ዘጠኝ ሰው፣ ሁሉም ጥቁር ለብሶ። ቄሱም አሉ። በዚያ ሰዓት ሰው ለምን እንደሚሰበሰብ ማንም አበሻ ያውቃል። "ማነው?" ብዬ ጮህኩ።

አገር ቤት አሥራ አራት ዓመት የጋዜጣ ሰው ነበርኩ። ሳለቅስ እንኳ መቼ ብዬ መጠየቄን አልተውኩም። የሞተው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ። ራሄልና ኅሩይ የሰሙት በዚያው ዕለት ማታ አንድ ሰዓት፣ ማልታ፣ ሆቴሉ ውስጥ። የተቀበረው ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት። የአዲስ አበባ ዘጠኝ ለማልታ ስምንት ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ዓሣ አስጨምሬ ነበር።

"ዘመድ በሌለበት፣ ሆቴል ውስጥ መርዶ ይነገራል እንዴ?" አለ ኅሩይ።

"ጀልባ ላይስ ይወጣል?"

"ብንቀር ትጠረጥር ነበር።"

"ልጠርጥራ!"

"ለቀብሩ አትደርስ... ነግረንህስ ምን ልታደርግ?"

አልደርስም። አውቃለሁ። ግን አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። መቼ እንደማለቅስ እንዲወስኑልኝ ማን ሥልጣን ሰጣቸው?

ራሄል ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። በርን ከተማ ስንደርስ "ላንተው ብዬ ነው" አለች።

"ስበላ ታዪኝ ነበር።"

"እያየሁህ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።"

አላዘንኩላትም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ሥራ ገባሁ። አለቃዬ ፊቴን አይቶ "ባሕሩ ተስማምቶሃል" አለኝ። አሥራ አራት አውቶቡስ አጠብኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

የሙላቱ ልጅ መስከረም ደወለች። አለቀስን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለእማማ አልነገርናትም" አለች።

እናቴ አታውቅም!

"ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አጎቴ። ልቧ አይችለውም። ሽማግሌዎቹ እስከ አርባው ይቆይ ብለዋል።"

"እሁድ ሳይደውልላት ሲቀር ምን አላችኋት?"

"አንተ ጋ ሄዷል አልናት። ስዊዘርላንድ። ከደወለች ተኝቷል በላት።"

የተቀበረ ወንድሜን እኔ ቤት አስተኝተውታል! ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

ራሄል ሰምታለች። "እንዳሉህ በል፣ ቸርነት። ትገድላታለህ።"

"መዋሸቱንስ አንቺ ትችዪበታለሽ።"

ክፉ ንግግር ነው። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም።

ግን እውነት ልቧ ባይችለውስ? ደብረ ብርሃን ሆና፣ በስልክ... ምን እላታለሁ?

እሁድ፣ ሐምሌ 27

ሦስት ሰዓት ላይ እናቴ ደወለች።

"ሙላቱ አንተ ዘንድ ነው አሉኝ። እስቲ አቅርብልኝ።"

ራሄል በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ታሳየኛለች... ተኝቷል በላት።

"አጠገብሽ ማን አለ፣ እማዬ?"

"ቤተክርስቲያን ሄደዋል። ጎረቤት አለ። አቅርብልኝ አልኩህ።"

"እዚህ አልመጣም፣ እማዬ።"

"የት ሄዶ ነው ታዲያ?"

"ሞቷል። ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ቀን።"

ምንም አይሰማም። ገደልኳት አልኩ።

"አውቄያለሁ" አለች። "መስከረም ጥቁር ሻሽ አስራ መጣች። ያቺ ልጅ ሻሽ አስራ ታውቃለች? እኔ ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ማንም ሳይነግረኝ ምን ብዬ ላልቅስ? ስምንት ቀን ሙሉ አፍኜው ተቀመጥኩ፣ ልጄ። አንተም ትዋሸኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው የደወልኩት።"

ከዚያ ጮኸች። "ሙሌ! ሙሌዋ!" በር ሲከፈት፣ ጎረቤት ሲሮጥ ተሰማኝ። ማንም ስልኩን አልዘጋውም። ሰዎቹ አብረዋት ሲያለቅሱ እኔም እዚህ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንድ ሰዓት ያህል።

ራሄል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ንዴቴ አልበረደም። ግን ተነሺ አላልኳትም።