እንዳልቀመስኩት ያስመሰልኩት በሶ

ሰኞ፣ የካቲት 10፤ ከጠዋቱ 3፡00
ዛሬም ስብሰባ። ገብሱ ተሸክሽኮ ይጠብቃል፣ እኛ ዐሥራ አንድ ሴቶች እጃችንን አጣጥፈን ጌታሁንን እናዳምጣለን። የበሶ ማኅበራችን ሥ/አስኪያጅ ከሆነ ሁለት ወሩ። ከሥልጠና «ሊደርሺፕ» የሚባል ነገር ይዞ መጥቷል። መሪ ማለት ራእይ ያለው ነው አለን። በሶ ግን አይቀምስም፤ ጨጓራዬን ያመኛል ይላል። እንኳን መሪ፣ ጠላ ቀጂም ቀድማ ትቀምሳለች። በሶ የማይበላ የበሶ መሪ አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ደብተሬ?

ሐሙስ፣ የካቲት 13
አዲሱ የኤሌክትሪክ መቁያ ሥራ ጀመረ። ማሽኑን አልጠላሁትም፤ ዓይኔን ከጭስ ገላግሎኛል። የምጠላው ሌላ ነው። እኛ ገብሱን የምናወጣው ሽታውን ተከትለን ነበር። ጌታሁን በሰዓት ነው ይላል። ሰዓቱንም ያሳጥረዋል፣ በሶው ነጣ እንዲል። ቴሌግራም ላይ ነጩ ያምራላ!

ቀማሽ እኔ ነኝ። ተፈጭቶ ሲወጣ ከመዳፌ ላይ ቀመስኩ። ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ጥርስ ላይ ይለጠፋል። ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ የበሶውን ፎቶ ስንት ሰው እንደወደደው አሳየኝ። ደንበኛ የሚበላው በዓይኑ ነው ብሎ አስተማረኝ። ጅል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15
ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ቤተ ልሔም ደብር ላሉ የአብነት ተማሪዎች የታዘዘው ስድስት ጆንያ ዛሬ ተጫነ። የጾም ስንቃቸው ነው። ያለ እኔ ፊርማ አይወጣም። ጌታሁን ወረቀቱን ዘርግቶ ቆመ። ጥሬ ነው አልኩት፤ ሰዓቱን አየ። ፈረምኩለት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። መምህራቸው መሪጌታ ጆንያውን አምጥተው ፊቱ ሲያራግፉበት ማየት አለብኝ። ደስ ብሎኛል፣ ምን ልዋሽ። ቤት ገብቼ የቅበላውን ሥጋ ጥግብ ብዬ በላሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19
መሪጌታ ነፋስ መውጫ፣ ማኅበራችን ድረስ መጡ። ጉዱን ልይ ብዬ በር ላይ ቆምኩ። ጌታሁንን አልጠየቁም፤ እኔን አስጠሩ። ተማሪዎቹ ሆዳቸው ተነፍቶ የትምህርት ጉባኤው ታጥፏል። ሌላ የሚበሉት የሌላቸው እያመማቸውም ያንኑ ይበጠብጣሉ።

«ልጄ፣ ያንቺን ፊርማ አይቼ ሳልቀምሰው አከፋፈልሁት። ምነው፣ ታመሽ ነበር?»

ቢቆጡኝ እችለው ነበር። አዎ አልኳቸው። ጉንፋን ይዞኝ አፌ ጣዕም አጥቶ ነበር አልኩ! ይማርሽ ብለውኝ ሄዱ።

ጌታሁን ከኋላ ስለ ማሽን ጥገና ያወራል። ጅልስ ጅል ነው። ጥሬውን ከብስሉ አይለይም። እኔ ግን ለይቼ፣ አውቄ ነው የላክሁት። አፈርኩ። ምሳ አልበላሁም።

አርብ፣ የካቲት 21፤ ከንጋቱ 12፡00
እጄ ተላልጧል። ትናንት ቀኑን ሙሉ እቤቴ ስሸከሽክ፣ ስቆላ፣ ሳስፈጭ ዋልኩ። ለዘር ያስቀመጥኩት ገብስ ነበር። ስድስት ጆንያ አይሞላም፤ ሁለት ሆነ። ቀመስኩት፣ በስሏል።

ጌታሁን አሁን ደወለ። «የማሽን ብልሽት» የሚል ደብዳቤ አዘጋጅቷል፣ ቀማሿ ከሥሩ ትፈርም አለ። ለማኅበሩ ስም ሲባል። አልፈርምም አልኩና ዘጋሁት።

የቤተ ልሔም መኪና 1 ሰዓት ላይ ይነሳል። በሶውን አስረክቤ፣ ተማሪዎቹ ባሉበት፣ ለመሪጌታ ጉንፋን አልነበረብኝም እላቸዋለሁ። ቀምሼዋለሁ፣ ጥሬ መሆኑን እያወቅሁ ፈረምኩ እላለሁ። ለምን ካሉኝ የጌታሁንን ስም አላነሳም።