በሽማግሌ ፊት ያስተኛኝ የውሃ ፈረቃ

ይድረስ ለክቡር አቶ ደሳለው፣
የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ እንዴት አሉ? ጣሪያዎ ላይ ያለው የውሃ ሮቶስ እንደተለመደው ሞልቶ ይፈሳል? እኔ ጨርቅ ነጋዴው ባሽር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከእንቅልፍ በስተቀር ምንም የጎደለብኝ የለም። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ውርደቴን ሰፈሩ ሁሉ ስላወቀው፣ ምክንያቱንም አብሮ ቢያውቅ አይከፋም ብዬ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር።

አንደኛ፦ ውሃ በፈረቃ እንዲደርሰን ስላደረጉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በተለይ ቀኑን ለማንም ሳይናገሩ፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ እንዲለቀቅ መወሰንዎ ከትልቅ አስተዋይነት የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ቀን ቢለቁትማ ቧንቧ የሌለው ሁሉ በየበራችን ተሰልፎ መንገድ ይዘጋ ነበር።

ሁለተኛ፦ እርስዎ ባለ ሮቶ ስለሆኑ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ እኛ ማታ ቧንቧውን ከፍተን፣ ከሥሩ ባዶ ባልዲ ደቅነን ነው የምንተኛው። ውሃው ሲመጣ ባልዲውን መትቶ እንዲቀሰቅሰን ነው። እንቅልፍ አጥቼ ስንገላታ ግን ምክንያቱ ይህ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ባለቤቴ ሸሪፋ ከዐስር ሰላት በኋላ የምጠጣውን ሻይ ከለከለችኝ። ፍራሽ ቀየርኩ፤ ጫት ተውኩ። ጎረቤት የሰው ዓይን ነው ስላለ ቁርኣን ተቀራልኝ። ነገሩ የገባኝ ውሃው ጨርሶ በጠፋ ሰሞን ነው፤ ምንም ድምፅ በሌለበት ሌሊት ይብስብኝ ጀመር። እኔ አልጋ ላይ ነኝ፣ ጆሮዬ ግን ባልዲው ዘንድ ያድራል። ባዶ ባልዲ እንቅልፍ እንደሚነሳ ሐኪም እንኳ አልነገረኝም፤ ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከእርስዎ ነው።

ሦስተኛ፦ ወደሚያሳፍረው ልምጣ። ልጄን ኢስራን ለሙዓዝ ለመጠየቅ ከኮምቦልቻ ሽማግሌዎች መጡ። ልጁን አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁም፤ ልጄም ፈቅዳለች፤ የቀረው የእኔ አንድ እሺታ ብቻ ነበር። ታላቃቸው ሀጂ ሀምዱ እንደ ወጉ ዱዓ ጀመሩ፤ ሁላችንም መዳፋችንን ዘረጋን። ዱዓው ረጅምና ያማረ ነበር አሉ። አሉ የምልበት ምክንያት መጀመሪያውን ብቻ ስለሰማሁ ነው፤ መዳፌን እንደዘረጋሁ ተኛሁ። ቤቱ ሁሉ አሚን ሲል እኔ አንኮራፋሁ። ሀጂ ሀምዱ በትዕግሥት ጨርሰው፣ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን፣ ምን ይላሉ ብለው ጠየቁኝ። ሸሪፋ በክርኗ ስትጎሽመኝ ብድግ አልኩና በሙሉ ድምፄ “መጣ! ባልዲ አቅርቡ!” አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን ፈረቃ የማያውቅ እንግዳ ይህን ምን ብሎ ይተርጉመው? ልጃችንን ናቀ፣ በዱዓም ቀለደ ብለው የቀረበላቸውን ምሳ ሳይቀምሱ ጫማቸውን አጠለቁ። እስከ በር ተከትዬ ስለ ቧንቧ ላስረዳቸው ብሞክር ጭራሽ ያበድኩ መሰልኩ። አፈርኩ። እስካሁንም እያፈርኩ ነው፤ ሱቄን ከፍቼ ደንበኛ ሲገባ ጨርቅ የማጣጥፍ መስዬ አቀረቅራለሁ። በዚህ ሽበቴ፣ በገዛ ቤቴ፣ በልጄ ቀን!

አራተኛ፦ ኢስራ በአንዲት ቃል እንኳ አልወቀሰችኝም። እንግዶቹ የሄዱ ዕለት ፍራሿን ተሸክማ ቧንቧው አጠገብ ወዳለችው ክፍል ገባችና፣ አባ፣ እርስዎ አርፈው ይተኙ፣ ውሃውን እኔ እጠብቃለሁ አለችኝ። የሽማግሌዎቹን ቁጣ ችዬው ነበር፤ ይህን ግን አልቻልኩትም። ለዚህኛው ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ውሃ እንዲጨምሩልኝ አይደለም፤ ያን ያህል አልዳፈርም። ውሃ የማይለቁበትን አንድ ሌሊት ብቻ አስቀድመው ቢነግሩኝ፣ ባልዲውን ደፍቼ፣ እንደ ሰው ተኝቼ፣ እንደ አባት እነሣ ነበር።

እንቅልፍዎ እንዳይቋረጥ፣ ሮቶዎም እንዳይጎድል ሌሊቱን ሙሉ ነቅቼ ዱዓ የማደርግልዎ፣ ትሑት ጎረቤትዎ፣

ባሽር

ማሳሰቢያ፦ ሀጂ ሀምዱ የሆነውን ከሰው ሰምተው ይቅር ብለውኛል፤ ዳግመኛ ለመምጣትም ፈቅደው ቀን ይቁረጡ ሲሉ መልእክት ልከውልኛል። የልጅን ቀን መቁረጥ የአባት ወግ ነበር፤ አሁን በእርስዎ እጅ ነውና ላማክርዎ በጠራራ ፀሐይ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ተኝተዋል ተባልኩ። እባካችሁ እንዳትቀሰቅሷቸው ብዬ ለምኜ ተመለስኩ፤ ከሰፈሩ አንድ ሰው እንኳ ይተኛ እንጂ።