መውረዱን ያልለመድሁት ብስክሌት

እሑድ፣ የካቲት 27 ቀን 2003 ዓ.ም.። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ለበልግ ሲያጉረመርም ውሎ ሳይዘንብ ቀረ፤ ነፋሱ ግን አቧራውን እያነሳ ነው። ይህን ስጽፍ ቤት ያለነው ሦስት ነን፤ እማ ከመደቧ ላይ፣ ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ከእግሯ ሥር ጥጥ እየፈተሉ፣ እኔም ከበሩ ብርሃን ላይ።

ለምወድሽ እህቴ ለኡምኩልሱም፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያ ደረጃ ስታጥቢ የያዘሽ የወገብ ሕመም እንዴት ሆነልሽ? የመዳምሽስ ጠባይ ተሻለ ወይስ እንዳለች ናት? እንቅልፍ ታገኛለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ካለፈው አልባሰባትም። ቀኝ ጎኗ አሁንም አይታዘዛትም፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው፤ እሱን የሚያሽመደምድ በሽታ ገና አልመጣም።

ኡሜ፣ ባለፈው ስትደውዪ ድምፄን ሰምተሽ «ምን ሆነሻል?» ብትዪኝ «ምንም» ያልሁሽ ሰው አጠገቤ ስለነበረ ነው። አሁን ልንገርሽ። አትሳቂብኝ። ብትስቂም ግድ የለም፣ እማ ቀድማሻለች።

ጥር ላይ ቀበሌ ስብሰባ ጠርተውን ነበር። እንደምታውቂኝ እኔ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው፤ የምጠብቀውን የቦኖ ውሃ ዘግቼ ስለመጣሁ ልቤም እዚያው ነበር። ሊቀ መንበሩ አቶ አወቀ ብዙ ተናገረ፤ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው ግማሹ አልተሰማኝም። በመጨረሻ «ከሴቶች መካከል እስከ አቀስታ መንዳት የምትችል አለች?» ሲል ሰማሁ። እኔ እህል ሊያስጭኑ መስሎኛል። አህያ ነዋ ኡሜ! ሌላ ምን ይነዳል እኛ አገር? አባባ ከሞተ ጀምሮ አህያችንን ቡሌን ጭኜ አጅባር ገበያ ድረስ ስነዳ የኖርሁ ሰው ነኝ። ማንም እጁን ሳያነሳ ሲቀር አፈርሁና ተነስቼ፣ «እኔ እነዳለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስነዳ ነው ያደግሁ፤ አጅባር እንኳ ደርሼ እመለስ ነበር» አልሁ። አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናጋ። በዕድሜዬ ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት በጆሮዬ፣ «አንቺ፣ ብስክሌት የት ተማርሽ?» ስትለኝ ነው ክው ያልሁት።

ለካ ለሴቶች ቀን፣ ከዚሁ ከመካነ ሰላም ተነስተው አቀስታ የሚገቡ ብስክሌት ነጂ ሴቶች ሲፈልጉ ኖሯል። የተቀሩት ሁሉ ወጣት የጤናና የግብርና ሠራተኞች ናቸው፤ «ከነዋሪው» የተባልሁት እኔ ብቻ ነኝ። በማግስቱ ለሴቶች ጉዳይ ሠራተኛዋ ለመቅደላዊት ሐቁን ነገርኋት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ «እትዬ ራሕማ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ለሌላ ሰው እንዳይነግሩ፤ ሪፖርቱ ሄዷል» አለችኝ። አቶ አወቀ ዘንድ ሄድሁ። አፌን ሳልከፍት፣ «ስምሽ ወረዳ ደርሷል፤ እንዳታሳፍሪን። መቼም ቦኖውን የሚጠብቅ ሰው አናጣም» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን መሳቁ አልመጣልኝም። ቦኖው ከደጃችን ስለሆነ አይደለም ወይ በየመሃሉ እየሮጥሁ እማን የማገላብጣት? ሌላ ሥራ ብይዝ ቀን ሙሉ ማን ያያታል?

ጀብሪልን ታስታውሺዋለሽ፣ ከገበያው ጫፍ ብስክሌት የሚጠግነውን? አርጅቷል፤ ቀልዱ ግን አላረጀም። ሊያስተምረኝ እሺ አለ። ጠዋት ጠዋት ቦኖውን ሳልከፍት በድሮው አውሮፕላን ሜዳ እንገናኛለን። የመጀመሪያ ቀን፣ «አህያ ከኋላ ነው የሚነዳ፤ ይሄ ከላይ ነው። እሱን ከለየሽ ግማሹን ተምረሻል» አለኝ። እኔ በፍርሃት እንደ ቡሌ «ሂድ! ሂድ!» እያልሁ ስጮህበት ጀብሪል ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ዱላም ላምጣልሽ?» ይለኛል። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ታጥቄ ያዩኝ ገበያተኞች ደግሞ፣ «ራሕማ፣ ዘንድሮ ሐጅ በዚህ ነው የምትሄጂ?» እያሉ ያልፋሉ። ላብና አቧራ ሆኜ ፔዳሉን እረግጣለሁ።

አሁን ቀጥ ብዬ መሄድ ችያለሁ። መውጣቱንም ለምጃለሁ። የጠፋኝ መውረዱ ነው፣ ኡሜ። ፍሬን ስይዝ እግሬ ይደርቅና እንደ ተቆረጠ ግንድ ወደ ጎን እሄዳለሁ። እስከ ዛሬ የወረድሁት በመውደቅ ብቻ ነው፤ ክርኔና ጉልበቴ ቆዳ የላቸውም። ጀብሪል፣ «መሬቱን ምን ያስፈራሻል? ያው የምታውቂው መሬት ነው» ይለኛል። ዓይኔን ስከድን የማየው ቁልቁለት ነው፤ ጎማው ይሽከረከራል፣ እኔ ከላይ ነኝ፣ ማቆሚያ የለውም። አንቺ ጅዳ የገባሽ ሰሞን፣ «መግባቱን አወቅሁ፤ መውጫው በየት እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ» ብለሽኝ ነበር። ያን ጊዜ አይዞሽ ብዬሽ ስልኩን ዘጋሁ እንጂ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

እማ የስብሰባውን ጉድ ስነግራት በዚያ በአንድ ጎን ፊቷ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። ብስክሌቱንም ቡሌ ብላዋለች። ስገባ፣ «ቡሌ ዛሬስ ጣለሽ?» ነው ሰላምታዋ። መነሻችን ነገ ማለዳ፣ አዳራችን አቀስታ መሆኑን ስትሰማ ግን ከሌላ ሰው እጅ እህል አልቀምስም አለች። እትዬ በለጡ፣ «አብሽሪ፣ እኔ አለሁላት» ሲሉኝ ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ አልተናገረችኝም። ብቀር ቦኖው፣ ብሄድ እማ። አሞኛል ብዬ ልተኛም አሰብሁ፤ ጠያቂ ሲመጣ ግን ምን ሆኜ ልጠብቀው? ውሸት አላውቅበትም። በሁለት ገመድ እንደ ታሰረች ጥጃ ሆኛለሁ።

እትዬ በለጡ፣ «ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ ትሰር፤ ሳሚልኝ» ብለውሻል። ጀብሪል፣ «ብስክሌቴን ሰብራ ሳትከፍል የጠፋችው ኡምኩልሱም ደህና ናት ወይ?» ብሏል። አብራሽ ለምትሠራው ለፈርሂያ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ተደጋገፉ። እማ ለጊዜው ዝም ብላለች፤ የእሷን ሰላምታ ስትናገር እጨምረዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት። ሜዳው ላይ ተሰልፈን ንግግሩ ስለረዘመ ነው የምጽፍልሽ። ጎሕ ሲቀድ ተነሳሁ። ሰገድሁ። እማን አገላብጬ አጠብኋት። አጥሚቱን በማንኪያ አቀረብሁላት፤ ከንፈሯን ገጠመች። ደግሜ አቀረብሁ። በደህናው እጇ ማንኪያውን ገፋ አደረገችና፣ «ለበለጡ ስጪው። ቡሌ ጭነት ይዞ ሲቆም አይወድም» አለች። እትዬ በለጡ ማንኪያውን ተቀበሉኝ። እማ አፏን ከፈተች። በሩ ላይ ስደርስ፣ «የጅዳዋን ልጄንም በሰላም ተመለሺ በያት» አለችኝ። ይኸው ብዬሻለሁ። አሁን ፊሽካ ተነፋ።

ደግሞ ጨመርሁ። ጀብሪል ኮርቻዬን ይዞ ገፋኝ። ልጃገረዶቹ ቀደሙኝ። ከተማው አለቀ፤ ኮረኮንቹ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። የፈራሁት ቁልቁለት ሲጀምር የደሴው አውቶቡስ ከኋላዬ ጥሩንባ ነፋ። ወደ ዳር ወጣሁ። ፍሬኑን ቀስ ብዬ ያዝሁ። ግራ እግሬን ዘረጋሁ። መሬቱ እዚያው ነበር። አውቶቡሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «እማማ፣ ብስክሌቱን ፖርቶመጋላ ላይ ልስቀልልሽ? ግቢ!» አለኝ። «እኔስ አልገባም፤ ይህን ደብዳቤ ብቻ ደሴ ፖስታ ቤት ጣልልኝ» አልሁት። እጁን ዘርግቶ እያጣደፈኝ ነው።

ወርጃለሁ ኡሜ፤ ሳልወድቅ።

እህትሽ ራሕማ
ከአቀስታ መንገድ ዳር፣ የካቲት 28 ቀን 2003 ዓ.ም.